ንጹህ ነው የተባለው ጭንቅላት

«አየሽ ፈንታነሽ? ንጹህ! ምንም የለበትም!»

አቶ የሻው ትልቁን ጥቁር ፊልም ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ያዙት። የጠዋቱ ፀሐይ በፊልሙ ውስጥ ሲያልፍ የልጃቸው የእንዳለው ጭንቅላት እንደ ዳቦ ተቆራርጦ፣ ቁራሹ ከቁራሹ ጎን ተደርድሮ ታየ። ጎረቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ አንገታቸውን አስግገው፣ ዓይናቸውን አጥብበው፣ አንዱን ቁራሽ ከሌላው እያስተያዩ መረመሩ።

«እውነትም ንጹህ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ትህትና የሳሎኑን በር ተደግፋ ታያቸው ነበር። የበግ ጭንቅላት ካልሆነ በቀር የማንንም ጭንቅላት ውስጡን አይተው የማያውቁ ሴትዮ፣ አሁን ቆመው ምስክርነት ይሰጣሉ። አባቷም ምስክርነቱን ተቀብለው በኩራት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሳቋ መጣ፤ ግን የሚያስቅ ሳይሆን የሚያቅለሸልሽ ዓይነት ሳቅ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን የምታጨማድጂው?» አሏት አባቷ።

«ምንም።»

ስሟን ያወጡላት ሰዎች ያዩዋት ሕፃን ሆና ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ቢያዩዋት ኖሮ ትህትና ከማለታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያስቡ ነበር።

በዚያ ሰሞን ቤታቸው ሐኪም ባልሆነ ሐኪም ተሞልቶ ነበር። ቢቸና ውስጥ እግር ያለው ሁሉ እየመጣ ሳሎኑ ላይ ይቀመጥና የእንዳለውን በሽታ ይናገራል። አንዱ መተት ነው ይላል። አንዷ ፍቅር ይዞት ነው ትላለች። ሌላው ደግሞ ትምህርት ሲበዛ ናላ ያደርቃል ብሎ የራሱን ልጆች ከስምንተኛ ክፍል እንዳስወጣቸው እንደ ጥሩ ሥራ ያወራል። ሁሉም ሲወጡ እንዳለው የተኛበትን ክፍል በር በዓይናቸው ይሰርቃሉ። ትህትና ከሁሉም የምትጠላው ይህን ነበር። ካዩ በግልጽ አይተው ቢሄዱ ይሻላት ነበር።

አቶ የሻው እህል ነጋዴ ናቸው፤ ወሬ አይወዱም፤ የሚያምኑት የሚዛን ነገር ነው። ስለዚህ ልጃቸውን ባሕር ዳር ወስደው ጭንቅላቱን በማሽን አስነሡት። ፊልሙ ንጹህ ሆኖ ሲወጣ ነገሩ ለእሳቸው አለቀ። እትዬ ፈንታነሽን ሸኝተው ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እንዳለው ክፍል ሄዱና በሩን በመዳፋቸው መቱት።

«ተነስ እንግዲህ! ማሽኑ ሳይቀር መስክሮብሃል! ስንፍና ነው እንጂ በሽታ የለህም!»

በሩ አልተከፈተም።

ትህትና በዚህ አንድ ነገር ከአባቷ ጋር ትስማማለች። እሷም ሰነፍ ነው ትላለች። የእሷ ጥላቻ ግን ሌላ ምንጭ ነበረው።

እንዳለው በዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ዝምተኛና ጎበዝ። ሚያዝያ ላይ፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ ድንገት ቤት መጣ። የመጣው ግን ዝምተኛው እንዳለው አልነበረም። አይተኛም። ንግግሩ ውኃ እንደጣሰው ቦይ ነው፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። አባይን አቋርጦ በአየር ላይ ሰው የሚያሻግር ነገር እሠራለሁ እያለ የቤቱን ግድግዳ በከሰል ሥዕል ሞላው። በገበያ ቀን የአባቱን መጋዘን ከፍቶ ጤፉን ለመጣ ለሄደው ሁሉ እየሰፈረ «ውሰዱ! የናንተው ነው!» ሲል ተገኘ። አቶ የሻው ደርሰው በአሽከሮቻቸው አስጎትተው አስገቡት።

ከዚያ ግንቦት ላይ ትህትና ትምህርት ቤት መጣ።

ተማሪው ባንዲራ ለመስቀል ተሰልፏል። እንዳለው በዋናው በር ገብቶ፣ በሰልፉ መሃል ሰንጥቆ አልፎ፣ ማይኩን ከርዕሰ መምህሩ እጅ ቀማ። ስለ አባይ ተናገረ። ስለ ከዋክብት ተናገረ። ቀጥሎ «ትህትና የሻው! እህቴ! ነይ ውጪ!» ብሎ ጮኸ። እግሮቿ ራሷን ሳያማክሩ ይዘዋት ወጡ። እጇን ይዞ ወደ ሰማይ አነሣና «ይህችን ልጅ ተመልከቷት! የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ጠፈርተኛ!» አለ።

ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። መምህራኑም ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ጠፋ። «ጠፈሯ መጣች» ይላሉ። «ጨረቃ ላይ ኔትወርክ ይሠራል እንዴ?» ይላሉ። ባለፈችበት ሁሉ ሙድ ይይዙባታል። እንዳለው ግን በክረምቱ መጨረሻ ላይ እንደ ነደደ ጭድ ከሰመ። መስከረም ሲጠባ አልጋው ላይ ወጣ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ይኸው ኅዳርም ሊያልቅ ነው። ሰዎች ሲጠይቁ እናትና አባቷ «ጥናት አድክሞት ነው» ይላሉ።

ትህትና ይህን ሁሉ ስታስበው ደሟ ይፈላል። ግንቦት ላይ ሰው አላስተኛ ብሎ፣ አሁን ደግሞ እሱ ራሱ አልነሣም አለ። እሷን አደባባይ ላይ አዋርዶ፣ የውርደቱን ዕዳ ለእሷ ትቶ፣ እሱ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባ። ሲያሻው መሪ፣ ሲያሻው ሬሳ።

በዚያው ዕለት ቀትር ላይ እናቷ ወይዘሮ አስናቀች ምሳውን በትሪ ሰጥታ ላከቻት። ትህትና በሩን በእግሯ ገፍታ ገባች፤ ትሪውን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገችው።

«ምሳህን። ካልበላህ ደግሞ ለውሻው ነው የምሰጠው፤ ቢያንስ እሱ ጅራቱን ይቆላልኛል።»

ልትወጣ ስትል ጠራት። ድምፁ የሻከረ ነበር።

«ትህትና… ፎቶው ምን አለ?»

«አልሰማህም? መንደሩ ሁሉ ሰምቷል እኮ። ንጹህ ነው። ምንም የለህም።»

ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሣ፣ «ዕጢ ይገኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ማሽኑ ውስጥ ሳለሁ። አምላኬ ሆይ፣ እባክህ አንድ ነገር ያግኙብኝ እያልኩ ነበር የምጸልየው። ዕጢ ቢሆን ቆርጠው ያወጡታል። ባያወጡትም ስም ይኖረዋል። አሁን ግን… ምንም ከሌለ፣ የተበላሸው እኔው ነኝ ማለት ነው። እኔው ራሴ።»

«ደባሪ!» አለችው ትህትና፤ በሩን በላዩ ዘግታ ወጣች።

ወጥ ቤት ስትገባ ለእናቷ እያላገጠች ነገረቻት። «ልጅሽን ሰማሽልኝ? ሰው ጤና ስጠኝ ይላል፣ እሱ ዕጢ ስጠኝ እያለ ሲጸልይ ነበር አሉ!»

እናቷ አልሳቀችም። ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀመጠች። እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች፤ ሦስተኛም ልትጠርግ ስትል ትህትና ማላገጧን አቆመች።

«እንደዛ አለ?» አለች እናቷ።

«አዎ።»

ወይዘሮ አስናቀች ባሏ ላይ ድምፅዋን ከፍ የምታደርግ ሴት አይደለችም። ያን ቀን አቶ የሻው ከመጋዘን ሲመለሱ ግን ጫማቸውን እስኪያወልቁ እንኳን አልታገሠቻቸውም። «ነገ ሐኪም ዘንድ ትወስደዋለህ። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ» አለቻቸው።

«እዚህ? ከተማው ቁጭ ብሎ እያየ?»

«እንግዲያው ሞጣ ውሰደው። ሞጣ ማን ያውቅሃል?»

አቶ የሻው ፊልሙን አነሡ፤ ይህ እያለ ሌላ ሐኪም ምን ያደርጋል ሊሉ ነበር። የሚስታቸውን ፊት አይተው መልሰው አስቀመጡት።

«አንቺም አብረሽ ትሄጂያለሽ» አለቻት እናቷ ትህትናን።

«እኔ? ነገ እኮ የባዮሎጂ ፈተና አለብኝ!»

«እኔ ስለምነው አይነሣም። አባቱ ሲጮኽበት አይነሣም። አንቺ ስትሳደቢ ነው የሚነሣው።»

ይህ እውነት ነበር። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ትህትና ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈችው። «ተነስ አቦ! ለአንተ ብዬ ፈተና ትቼ የምሄድ እኔ ነኝ፣ አንተ ትኮፈሳለህ? ጫማህን አድርግ! በስተግራ ያለው እግር ነው ግራህ!» አለችው። እንዳለው በዝግታ ተነሥቶ፣ በዝግታ ጫማውን አጠለቀ።

አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ አቶ የሻው ልጆቻቸውን ወደ ጥግ ወሰዱ። ግራና ቀኝ አዩ።

«ስሙኝ። ሐኪሙ ሲጠይቅ ጥናት አድክሞት ነው፣ አለቀ። የግንቦቱን ነገር ማንም አያነሣም። ‹አብዶ ነበር› ብለው አንድ ጊዜ ከጻፉበት ዩኒቨርሲቲው አይመልሰውም። ገባችሁ?»

እንዳለው መሬት መሬት ያያል። ትህትና ትከሻዋን ነቀነቀች። እሷማ ግንቦትን ማንሣት ይቅርና ከነጭራሹ ግንቦት የሚባል ወር ባይኖር ትወድ ነበር።

ደብረ ወርቅን አልፈው ሞጣ ገቡ። አቶ የሻው ፊልሙን የያዘውን ትልቅ ኤንቨሎፕ እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው አቅፈው ነበር የሄዱት።

የአእምሮ ሕክምናው በግቢው ጥግ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ውስጥ የተቀመጠችው ባለሙያ ሲስተር ይርጋነሽ ትባላለች። በነጩ ጋወኗ ላይ ቡናማ ሹራብ ደርባለች፤ እስክሪብቶዋ በሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል። ትህትና ሲባጎውን አየችና በልቧ፣ «እስክሪብቶዋን እንኳ ሳታስር ማቆየት ያቃታት ናት እንግዲህ የሰው ጭንቅላት የምታቀና» አለች።

አቶ የሻው ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ሁሉም ነገር እዚህ ላይ አለ። ባሕር ዳር ነው የተነሣው።»

ሲስተር ይርጋነሽ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሣች፤ ጥቂት አየችው፤ ኤንቨሎፑ ውስጥ መልሳ ከተተችው። «ጥሩ ነው» አለች።

«ጥሩ ነው… በቃ?»

«ዕጢ የለም፤ የፈሰሰ ደም የለም። ይህን ማወቃችን ጥሩ ነው። ፎቶው ከዚህ በላይ አይነግረንም።»

«እንዴት አይነግረንም? ይኸ እኮ አንጎሉ ነው! በሽታ ቢኖር ይታይ ነበር። ስለሌለ ነው ያልታየው።»

ትህትና ማንም ሳይጠይቃት ገባችበት። «ልክ ነው እኮ። በሽታው አንጎል ውስጥ ከሆነ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ያልታየ ነገር እንዴት አለ ይባላል?»

«አንቺ ዝም በይ» አሉ አባቷ።

«ይተዋት» አለች ሲስተር ይርጋነሽ፤ ወንበሯን ወደ ትህትና አዞረች። «አንቺ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«አሥረኛ።»

«እንግዲያው ይገባሻል። በዓለም ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን አንጎል በተሻለ ማሽን አንሥተው ጎን ለጎን ያስተያዩ ተመራማሪዎች አሉ። ድብርት በተደጋጋሚ የያዛቸው ሰዎች ላይ ትውስታን የሚያግዘው የአንጎል ክፍል በአማካይ ትንሽ አነስ ብሎ አግኝተውታል። ሌላም በሽታ አለ፤ ሰውን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች የሚወስድ። የዚያ ሕመምተኞች ላይ ደግሞ የስሜትን ልጓም የሚይዘው የፊተኛው የአንጎል ቅርፊት በአማካይ ሳሳ ብሎ ታይቷል። ከበሽታው በፊት የነበረ ይሁን በሽታው ያመጣው፣ እሱንም ገና አልጨረሱትም። ልዩነቱ ግን አለ።»

«ታዲያ እሱ ላይ ለምን አይታይም?» አለች ትህትና ወንድሟን በአገጯ እያመለከተች።

«በአማካይ ነው ያልኩሽ። የቢቸናንና የሞጣን ወንዶች ሁሉ አሰልፈን ብንለካቸው በአማካይ የአንድ ጣት ውፍረት የሚያህል ልዩነት ልናገኝ እንችላለን…»

«የቢቸና ይረዝማል» አሉ አቶ የሻው።

«ይርዘም። አሁን አንድ ሰው በዚህ በር ቢገባ ግን ቁመቱን ብቻ አይቼ የቢቸና ነህ፣ የሞጣ ነህ ልለው እችላለሁ? አልችልም። የሞጣም ረጅም አለ፣ የቢቸናም አጭር አለ። የአንድ ሰው አንጎል ፎቶም እንደዛ ነው። ያንቺን ብናነሣው ከእሱ አንሶ ሊገኝ ይችላል።»

ትህትና ተረታች። ይህ ብዙ ጊዜ አይደርስባትም፤ አናደዳት።

«ስለዚህ» አለች ሲስተር ይርጋነሽ ወደ አቶ የሻው ዞራ፣ «ሁለቱን በሽታዎች የሚለይልኝ ፎቶ የለኝም። ሰው ተኝቶ ሳየው ሁለቱም አንድ ናቸው። የምለየው እናንተ በምትነግሩኝ ነው። እንዳለው፣ ከዚህ በፊት የዚህ ተቃራኒ የሆንክበት ጊዜ ነበር? እንቅልፍ የማያሻህ፣ ብዙ የምትናገርበት፣ ትልልቅ ነገር የምታስብበት?»

እንዳለው አባቱን አየ። ከዚያ የጫማውን ጫፍ አየ።

«የለም» አሉ አቶ የሻው በእሱ ፈንታ። «ዝምተኛ ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ።»

«እርግጠኛ ነዎት? መድኃኒቱ ስለሚለያይ ነው። የድብርቱን ብቻ ሰጥቼው በሽታው ያኛው ከሆነ፣ ከአልጋው ያነሣውና ከሚገባው በላይ ሊወስደው ይችላል።»

«እርግጠኛ ነኝ። ጥናት ነው ያደከመው።»

ሲስተር ይርጋነሽ በሲባጎ የታሰረውን እስክሪብቶ ወደ ወረቀቱ ሳበችና መጻፍ ጀመረች።

ትህትና አባቷን አየቻቸው። ቢቸና ገበያ ላይ ሚዛን ሲሰረቅ እጅ ከፍንጅ የሚይዙ፣ ሐሰተኛ ነጋዴን በሕዝብ ፊት የሚያዋርዱ ሰው ናቸው። አሁን ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ አንዲት ሹራብ የለበሰች ሴትን ፈርተው ይዋሻሉ። በሕይወቷ እንደዚህ ንቃቸው አታውቅም። ደግሞ የናቀችው እሳቸውን ብቻ አልነበረም። ራሷስ? «ልዩነቱ አለ» ስትባል ልቧ ደንገጥ ያለባት፣ ግን ጠፈሯ መባሏ እዚህ ሞጣ ድረስ እንዳይከተላት ብላ አፏን የዘጋች እሷስ በምን ትሻላለች?

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ይጫጫራል። እንዳለው ቀና ብሎ አያት። አልለመናትም። ምንም ቢደርስ ግድ የሌለው ሰው አስተያየት ነበር፤ እሱ ነው የባሰባት።

«ውሸት ነው» አለች ትህትና።

እስክሪብቶው ቆመ።

«ትህትና!» አሉ አባቷ።

«ውሸት ነዋ! ዝምተኛ? ሚያዝያና ግንቦት ቤታችን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ነበር! አይተኛም ነበር። ግድግዳውን በከሰል አጥቁሮ እናቴ እስካሁን ስትፈትግ ነው። የአባባን ጤፍ ለገበያተኛ ሁሉ አደለ። ተው ያለውን ሰው ‹ምቀኛ› እያለ ሲሰድብ ነበር። ትምህርት ቤታችን መጥቶ ማይክ ቀምቶ እኔን…» ወደ እንዳለው በጣቷ ጠቆመች። «እኔን ጠፈርተኛ ናት ብሎ በሺህ ሰው ፊት እጄን አነሣ። እሺ? በሺህ ሰው ፊት! ደግሞ አባይ ላይ የገመድ ባቡር እሠራለሁ እያለ…»

«ባቡር አላልኩም» አለ እንዳለው።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«የገመድ መንገድ ነው ያልኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ባቡርና የገመድ መንገድ አንድ አይደሉም። ባቡር ሐዲድ ይፈልጋል።»

«ይኸው! እንግዲህ ያርመኛል ደግሞ!» አለች ትህትና። ዓይኗ ለምን እንዳቃጠላት አላወቀችም።

አቶ የሻው ተነሡ። ኤንቨሎፑን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ፤ በመስኮቱ በኩል ግቢው መሃል ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቆሙ ታዩ።

ሲስተር ይርጋነሽ የጻፈችውን ሰርዛ አዲስ ወረቀት አወጣች። ብዙ ጥያቄ ጠየቀች፤ እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ መሞት ያምረው እንደሆነ ሳይቀር በግልጽ ጠየቀችው። እንዳለው እያቆራረጠ ራሱ መለሰ። ትህትና አንዳንዱን መልስ ስትሰማ ከክፍሉ መውጣት አማራት፤ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ባይፖላር ይባላል» አለች በመጨረሻ ሲስተር ይርጋነሽ። «ሁለት ጫፍ አለው። ግንቦት አንዱ ጫፍ ነው፣ አሁን ያለህበት ሌላው። መድኃኒት አለው፤ ቶሎ አይደለም፣ ግን ይሠራል።»

«ባይፖላር» አለ እንዳለው፤ ቃሉን ምላሱ ላይ እንደሚያጣጥም ሰው። «ስም አለው ማለት ነው።»

«ስም አለው። እንዳለው ደግሞ ያንተ ስም ነው። አይደባለቅብህ።»

«አባቴ ዩኒቨርሲቲ አይመልሱትም ብለው ነው የዋሹት» አለች ትህትና። ለአባቷ ጥብቅና መቆሟን ራሷ ስትሰማው አስገረማት።

«በሕክምና ላይ ሆነው የሚማሩ ብዙ አሉ። ሲሻለው ወረቀት እጽፍለታለሁ። አሁን የምፈልገው ሌላ ነው። መድኃኒቱን መዋጡን የሚያይ፣ እንቅልፉ መቀነስ ሲጀምርና ንግግሩ ሲፈጥን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው። በየወሩም እዚህ ይዞት የሚመጣ። ቤታችሁ ውስጥ ማን አለ?»

ትህትና በመስኮቱ በኩል አባቷን አየች። ከዚያ ሲባጎውን አየች። ሲስተር ይርጋነሽም አልጎተጎተቻትም፤ የቀጠሮውን ቀን ብቻ ጽፋ ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢቸና የሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ አቶ የሻው ከፊት ብቻቸውን ተቀመጡ። ትህትናና እንዳለው ከኋላቸው ነበሩ። አባቷ ከግቢው ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አንድ ሰው ላባቸውን እየጠረጉ ገቡ፤ አቶ ሀብተ ሥላሴ ነበሩ፣ ቢቸና ውስጥ የአባቷ የገበያ ተፎካካሪ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ነጋዴ። የቢቸና ሰው እንዳያያቸው ብለው ነበር እንግዲህ ሞጣ ድረስ የመጡት።

«የሻው! አንተ ደግሞ ሞጣ ምን ልትሠራ መጣህ?» አሉ ከአቶ የሻው ጎን እየተቀመጡ። ዞረው ልጆቹን አዩ፤ ዓይናቸው እንዳለው ላይ ቆየ። «ልጆቹንም ይዘሃል። በደህና ነው?»

አቶ የሻው ቀስ ብለው ዞረው ትህትናን አዩዋት። ከሐኪሟ ክፍል ከወጡ ጀምሮ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነበር። አባቷ ፈርተዋታል። ትህትና ይህን ስታውቅ ደስ ይለኛል ብላ ገምታ ነበር፤ ደስ አላላትም። ሁሉንም ልትናገር ትችላለች፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ግን ይህ ሰውዬ የሚጽፈው መድኃኒት የለውም። ለእሱ የሚነገር ነገር ካለም የእንዳለው ነው፤ እሱ ሲፈልግ ይናገረው።

«በደህና ነው ጋሼ» አለች። «ወንድሜ ይተኛ፤ ዝቅ ብለው ያውሩ።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ እንዲህ ባለጌ ልጅ ገጥሟቸው እንደማያውቅ በፊታቸው አስታውቀው ወደ ፊት ዞሩ። ትህትና ወደ አባቷ ጠጋ አለች። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ «አባባ፣ የሚመጣው ወር ቀጠሮ አለን። እኔ አብሬው እመጣለሁ» አለቻቸው።

አውቶቡሱ ከመናኸሪያው ወጥቶ ከተማዋን ለቀቀ።

«ትምህርትሽስ?» አሉ አቶ የሻው ሳይዞሩ።

«አካክሰዋለሁ።»

ትህትና ከዚህ ሌላ አልጠበቀችም። መንገዱ ይንጣል፤ እንዳለው እንቅልፍ ወስዶት ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ ይላል። አንድ ጉድጓድ ላይ አውቶቡሱ ሲዘል ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

ከበዳት። አልገፋችውም።